ቃላትን ሲለቅም የኖረ ሰው

እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳይደናገር አይቀርም። «ጊቭ» ማለት መስጠት ነው ተብሎ በመጀመሪያው ቀን ይነገረዋል። ቃሉን በደብተሩ ጽፎና አጥንቶ ደስ ብሎት ሳለ፣ በሁለተኛው ቀን «ጊቭ አፕ» ማለት ተስፋ መቍረጥ መሆኑን ይሰማል። በሦስተኛው ቀን «ጊቭ ኢን» መረታት ይሆንበታል፤ «ጊቭ አዌይ» ደግሞ አንድ ጊዜ በነፃ መለገስ፣ አንድ ጊዜ ምስጢር ማውጣት ሆኖ ይገኛል። መስጠት የተባለው ነገር የት እንደ ገባ ተማሪው አያውቀውም። ቃሏ ያችው ናት፤ ጭራዋ በተለወጠ ቍጥር ግን ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። እኛም በትምህርት ቤት ሳለን ይህ ነገር ብዙ ሌሊት አስመሽቶናል፤ አንዳንዴ አበሳጭቶናል፣ አንዳንዴም አስቆናል።

ነገር ግን ይህ ችግር የእኛ የባዕዳኑ ብቻ እንዳይመስለን። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ስንት ጣጣና ስንት ጨዋታ እንዳለበት ዘጠኝ ዓመት ያህል ሲቈጥርና ሲመዝን ቈይቶ፣ በ1755 ዓ.ም. በሁለት ታላላቅ ጥራዞች ለሕዝብ አቀረበው። ይህ ሰው ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያ መጽሐፉም ሆነ ከሁሉ ይልቅ ከታወቁለት ድርሰቶቹ አንዱ ስለ አገራችን የሚናገሩ ናቸው። ስለዚህ በዛሬው እሑድ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ለመተረክ አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን ካላመለከትን በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጻሕፍት ሻጭ ልጅ

ሳሙኤል ጆንሰን በመስከረም ወር 1709 ዓ.ም. በመካከለኛው እንግሊዝ ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ማይክል ጆንሰን መጻሕፍት ሻጭ ነበር። መጻሕፍቱ ብዙ፣ ገዢዎቹ ግን ጥቂቶች ስለ ነበሩ ቤቱ ከዕዳ ተላቆ አያውቅም። ሕፃኑም ገና ከጡት ሳይላቀቅ የአንገት እጢ በሽታ ያዘው። በዚያ ዘመን ይህ በሽታ የነገሠ ሰው እጅ ሲዳስሰው ይድናል የሚል እምነት ነበር። ስለዚህ እናቱ በ1712 ዓ.ም. ልጇን ይዛ እስከ ሎንዶን ተጓዘች፤ ንግሥት አንም በእጃቸው ዳሰሱት። በሽታው ግን የንግሥቲቱን እጅ አላከበረም። አንድ ዓይኑ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጆሮውም ደከመ፤ ፊቱና አንገቱ ላይ የቀረው ጠባሳም እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖረ።

በዚህም ላይ ካደገ በኋላ ሰውነቱ ሳያዘው የመወራጨት ልማድ ነበረበት። እጁ ይወናጨፋል፤ ራሱ ይነቀነቃል፤ ከአፉም ትርጉም የሌለው ድምፅ ይወጣል። የዘመናችን ሐኪሞች ይህ ቱሬት የሚባለው የነርቭ ሕመም ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በዚያ ዘመን ግን የሕመሙ ስም ስለማይታወቅ ያየው ሁሉ ይሥቅበት ነበር። ቃልን ያን ያህል የወደደ ሰው አፉና አካሉ እንዲህ አልታዘዝ ያሉት መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

መልኩ ያላማረው ልጅ ደስታውን በአባቱ ሱቅ መደርደሪያዎች መካከል አገኘ። ማንም ሳያዘው የላቲኑንም የእንግሊዝኛውንም መጽሐፍ እየገለበጠ ያነብ ነበር። በ1728 ዓ.ም. ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ፔምብሮክ ኮሌጅ ገባ። እዚያም በዕውቀቱ መምህራኑን ቢያስደንቅ በጫማው ጓደኞቹን ያሳዝን ነበር። ጣቶቹ ከጫማው ወጥተው ያየ አንድ ሰው በሌሊት መጥቶ አዲስ ጫማ ከበሩ ላይ አስቀመጠለት። ጆንሰንም በማለዳ ባየው ጊዜ ተቈጥቶ አሽቀንጥሮ ጣለው። ከ13 ወር በኋላ የሚከፍለው ገንዘብ ስላለቀ፣ ዲግሪውን ሳይቀበል ወደ ሊችፊልድ ተመለሰ። ያን ጊዜ 20 ዓመቱ ነበር።

አባቱ በገበያ ቀን ዩቶክሲተር በምትባል አነስተኛ ከተማ ድንኳን ተክሎ መጻሕፍት ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ታሞ በመተኛቱ ልጁ በእርሱ ፈንታ ሄዶ እንዲሸጥለት ለመነው። ወጣቱ ግን ኦክስፎርድን የረገጠ ሰው በገበያ መካከል መቆሙ ኩራቱን ስለ ነካው፣ አልሄድም አለ። አባቱ በ1731 ዓ.ም. ሞተ። ይህችን ነገር አንባቢያችን በልቡ ያኑራት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

የሎቦ የጕዞ መጽሐፍ

ዲግሪ የሌለው ሊቅ ሥራ ፍለጋ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲንከራተት በርሚንግሃም ከተማ ደረሰ። እዚያም ኑሮው ከብዶት፣ መንፈሱም ደክሞ ሳለ፣ የፖርቱጋል ኢየሱሳዊ ቄስ ጄሮኒሞ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የጕዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልስ አንድ መጻሕፍት አሳታሚ ጠየቀው። ሎቦ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት በአገራችን የቈየ ሰው ነው። ጆንሰን ሐዘን ከአልጋው ጥሎት ስለ ነበር፣ መጽሐፉን ተኝቶ እየተረጐመ ወዳጁ ይጽፍለት ነበር። ሥራው በ1735 ዓ.ም. ታተመ፤ የተከፈለውም አምስት ጊኒ ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ታላቁ ሰው የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ መጽሐፍ ሆነ።

በዚያው ዓመት ኤልሳቤጥ ፖርተር የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። ሴትዮዋ በዕድሜ 20 ዓመት ያህል ትበልጠው ስለ ነበር ብዙ ሰው ተሳልቆበታል፤ እርሱ ግን እስከ መጨረሻው ከልቡ ወደዳት። በእርሷም ገንዘብ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹ ግን በጣት የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ ትምህርት ቤቱ ብዙ ሳይቈይ ተዘጋ። ከእነዚያ ጥቂት ተማሪዎች አንዱ ዴቪድ ጋሪክ ነበር። በ1737 ዓ.ም. መምህሩና ተማሪው አብረው ዕድላቸውን ለመሞከር ወደ ሎንዶን ተጓዙ። ጋሪክ ጥቂት ዓመት ሳይቈይ የእንግሊዝ አገር ታላቁ የቴያትር ተዋናይ ሆነ። መምህሩ ግን ገና ብዙ መራብ ነበረበት።

በሎንዶን የሚኖረው በብዕሩ ነበር። «የጨዋው ሰው መጽሔት» በሚባለው ወርኃዊ ጽሑፍ ላይ የፓርላማውን ክርክር ይጽፍ ነበር። በዚያን ጊዜ የፓርላማን ንግግር ማተም የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ክርክሩ ሊሊፑት በምትባል የተረት አገር እንደ ተደረገ ተደርጎ ስሞቹ እየተለወጡ ይታተም ነበር። ጆንሰን ከቃል አቀባዮች ጥቂት ፍሬ ነገር ብቻ ይነገረውና ንግግሩን ከራሱ አፍልቆ ይጽፈዋል፤ አንባቢዎቹም የእርሱን ድርሰት የሚኒስትሮቹ ንግግር ነው ብለው ያደንቁ ነበር። ማደሪያ ያጣባቸው ሌሊቶች እንደ ነበሩም ታሪኩ ይናገራል፤ ሪቻርድ ሳቬጅ ከሚባል ድኻ ባለቅኔ ጋራ በሎንዶን አደባባዮች ሲዞር ያድር ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሰገነት ላይ

በዚያ ዘመን ኢጣልያኖችና ፈረንሳዮች በአካዳሚ የተሠራ መዝገበ ቃላት ነበራቸው። እንግሊዞች ግን በዚህ ያፍሩ ነበር። ከጆንሰን በፊት መዝገበ ቃላት አልነበረም ማለታችን አይደለም፤ በ1604 ዓ.ም. ሮበርት ኮድሪ፣ በ1721 ዓ.ም. ናታን ቤይሊ የየራሳቸውን አሳትመዋል። ይሁን እንጂ የቀደሙት ሥራዎች ይበልጡን የሚያተኵሩት በከባድ ቃላት ላይ ነበር። ውሻን የመሰለ የታወቀ ቃል ሲያገኙ የታወቀ እንስሳ ነው ብለው ያልፉታል። መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ግን ያወቀውን ሳይሆን የቸገረውን እንደሚፈልግ፣ አንዳንዴም ከሁሉ ይልቅ የሚቸግረው ያወቀ የመሰለው ቃል መሆኑን ያስተዋለ ጆንሰን ነው።

በ1746 ዓ.ም. የሎንዶን መጻሕፍት አሳታሚዎች ተባብረው አዲስ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅላቸው በ1,500 ጊኒ ተዋዋሉት። በሦስት ዓመት እጨርሰዋለሁ አለ። አንድ ወዳጁ በፈረንሳይ አገር 40 የአካዳሚ አባሎች ይህን የመሰለ ሥራ 40 ዓመት እንደ ፈጀባቸው ባስታወሰው ጊዜ ጆንሰን ሒሳቡን ወዲያው ሠራ። 40 በ40 ሲባዛ 1,600 ይሆናል፤ እንግዲያው የአንድ እንግሊዛዊና የአንድ ፈረንሳዊ ልዩነት የ3ና የ1,600 ያህል ነው ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ሥራው ግን ሦስት ዓመት ሳይሆን ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ።

በጎፍ አደባባይ አንድ ቤት ተከራይቶ ሰገነቱን የሥራ ክፍል አደረገው። ይህ ቤት ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኖ ይጐበኛል። ስድስት ጸሓፊዎች ቀጠረ፤ ከስድስቱ አምስቱ ስኮትላንዳውያን ነበሩ። የአሠራሩም ዘዴ እንዲህ ነው። ጆንሰን የታላላቅ ደራስያንን መጻሕፍት ከየወዳጁ እየተዋሰ ያነባል። አንድ ቃል በደንብ የገባበት ዐረፍተ ነገር ሲያገኝ በእርሳስ ያሰምርበትና የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል በኅዳጉ ላይ ይጽፋል። ጸሓፊዎቹ ዐረፍተ ነገሩን በቍራጭ ወረቀት ይገለብጣሉ፤ ወረቀቱም በፊደል ተራ ይቀመጣል። ትርጕሙን የሚጽፈው ግን እርሱ ብቻውን ነው። መጽሐፉን ያዋሰው ሰው ንብረቱ በእርሳስ ተዥጐርጕሮ ሲመለስለት ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም።

በዚህ አኳኋን 42,773 ቃላት ገቡ፤ ለምስክርነት የተጠቀሱት ዐረፍተ ነገሮችም ወደ 114,000 ይጠጋሉ። የአንድ ቃል ትርጕም በባለሥልጣን ትእዛዝ ሳይሆን በተጠቀሙበት ሰዎች ምስክርነት የሚታወቅ መሆኑን በእንግሊዝኛ በዚህ ስፋት ያሳየ የመጀመሪያው ሰው ነው። «ቴክ» የምትለው ትንሽ ቃል ብቻ ከ100 በላይ ትርጕም ወጣላት። ከላይ ያነሣናት «ጊቭ» እና እርሷን የመሰሉት ግሦች በጭራቸው የሚለዋወጡበትን ነገር ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ የተከታተለ እርሱ ነው። በመጽሐፉ መግቢያም የውጭ አገር ሰዎችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግራቸው ይህ ዓይነቱ አነጋገር መሆኑን አስታውቋል። እኛ ሌሊት ያስመሸንን ነገር ይህ ሰው ከ260 ዓመት በላይ አስቀድሞ አውቆልን ነበር ማለት ነው።

ሥራው ሳያልቅ በ1752 ዓ.ም. ሚስቱ ሞተች። ኑሮውን ለመደጐም በሳምንት ሁለት ጊዜ ያወጣው የነበረው «ራምብለር» የተባለ ጽሑፍም በዚያው ወር ቆመ። መዝገበ ቃላቱ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ቅጂ የሚያሳያት ሰው አልነበረችም። በመግቢያው መጨረሻ ላይ መጽሐፉ በበሽታና በሐዘን መካከል እንደ ተሠራ፣ ሊያስደስታቸው ይመኝ የነበሩትም ብዙዎቹ ወደ መቃብር እንደ ወረዱ ገልጦ ጽፏል። የመዝገበ ቃላት መግቢያ ሰውን ያስለቅሳል ቢባል ማን ያምናል?

ስለ ቃላቱ ጣዕም

መዝገበ ቃላት ደረቅ መጽሐፍ ነው የሚሉ ሰዎች የጆንሰንን አልገለጡም። እርሱ የለቀማቸው ብዙ ቃላት ዛሬ በእንግሊዞች አፍ ሞተዋል፤ ለአንባቢ ግን ጣዕማቸው አልጠፋም። «ስሜልፊስት» የሚል ቃል አለ፤ ቃል በቃል ድግስ አሽታች ማለት ነው። የሰው ገበታ እየተከታተለ ለሚበላ ሰው የተሰጠ ስም ነው። ሳይጠራ ሰርግ የሚገባውን ሰው የምናውቅ ሁሉ ይህን ቃል ሳንወደው አንቀርም። «ባክፍሬንድ» ደግሞ የጀርባ ወዳጅ ማለት ነው፤ ጆንሰን ስውር ጠላት ብሎ ይተረጕመዋል። «ቤድፕሬሰር» አልጋ ተጫኝ ነው፤ ከባድ ሰነፍ ማለት ነው። «ፎፕዱድል» የሚለው ቃል ሞኝና ከቁም ነገር የማይገባ ሰው መሆኑን ሳይተረጐም ድምፁ ራሱ ይናገራል።

ትርጕም አሰጣጡም ጠባዩን ይገልጣል። አጃን ሲተረጕም በእንግሊዝ አገር የፈረስ፣ በስኮትላንድ ግን የሰው ምግብ መሆኑን አመለከተ። ይህን የገለበጡት ስኮትላንዳውያን ጸሓፊዎቹ ምን እንዳሉ አልተጻፈም። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለሚለው ቃል ትርጕም ሲሰጥም በራሱ ቀልዶ፣ ማንንም የማይጐዳ ምስኪን ለፊ ነው አለ። አንዳንዴ ግን ቀላሉን ነገር አክብዶ ራሱ መዝገበ ቃላት የሚያሻው ትርጕም ይሰጣል። መረብንና ሳልን የተረጐመባቸው የላቲን ቃላት በዘመኑ እንኳ ያሥቁ ነበር፤ ሳል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ትርጕሙን ካነበበ በኋላ መጠራጠር ይጀምራል።

ስሕተትም አላጣውም። የፈረስን የሰኮና በላይ ክፍል ጕልበት ነው ብሎ ጻፈ። አንዲት ወይዘሮ ለምን እንዲህ እንዳለ በጠየቀችው ጊዜ፣ ብዙ ምክንያት ያቀርባል ብላ ስትጠብቅ፣ ከአለማወቅ የመጣ መሆኑን ያለ ኀፍረት አመነላት። ትርጕሙ ያልታወቀውን አንድ የቈየ የጨዋታ ስም በመዝገቡ አስገብቶም የዚህን ቃል ትርጕም አላውቅም ብሎ አልፎታል። በየመሥሪያ ቤቱ አላውቅም ማለት የሚከብደን እኛ ከዚህ አንድ ነገር ብንማር መልካም ነበር። ስለ «ኤክስ» ፊደል ደግሞ በእንግሊዝኛ በእርሷ የሚጀምር ቃል የለም ብሎ ዘጋት። ዛሬ ሐኪም ቤት ገብቶ የኤክስ ሬይ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ጆንሰንን ቢያስታውሰው አይፈረድበትም።

አጻጻፍን በሚመለከት ግን ለተማሪ ያወረሰው መከራ ቀላል አይደለም። ማታለል የሚለው «ዲሲት» እና ደረሰኝ የሚለው «ሪሲት» ከአንድ የላቲን ሥር የበቀሉ ወንድማማቾች ናቸው። በእርሱ መዝገብ አንደኛው ያለ «ፒ» ሲጻፍ ሁለተኛው የማትነበብ «ፒ» ተሸክሞ ቀረ፤ እስከ ዛሬም እንደ ተሸከመ ነው። በሌላ በኩል እርሱ በሙዚቃ መጨረሻ ላይ ያኖራት «ኬ» ዘመን አልፈቀደላትምና ወደቀች።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ሁለት ወይዘሮዎች ነውረኛ ቃላትን ስላላስገባ አመሰገኑት ይባላል። እርሱም እንግዲያው ፈልጋችኋቸው ነበር ማለት ነው ብሎ ቢመልስላቸው ወይዘሮዎቹ አፍረው ወሬ ለወጡ።

የደጅ ጥናት መጨረሻ

በዚያ ዘመን ደራሲ ያለ ጌታ አይኖርም ነበር። መጽሐፉን ለአንድ መኰንን በስም ያበረክታል፤ መኰንኑም ገንዘብ ይሰጠዋል። ጆንሰንም በ1747 ዓ.ም. የሥራውን ዕቅድ ለሎርድ ቼስተርፊልድ አበረከተ። ቼስተርፊልድ በአነጋገሩ ውበት የተመሰገነ ታላቅ መኰንን ነበር። አሥር ፓውንድ ሰጠውና ረሳው። ጆንሰን ወደ ቤቱ በሄደ ጊዜ በእልፍኝ ደጅ አስቀምጠው መለሱት። ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሰባት ዓመት አለፈ። መዝገበ ቃላቱ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ቼስተርፊልድ በጋዜጣ ላይ ሁለት ጽሑፍ አውጥቶ መጽሐፉን አመሰገነ። የመጽሐፉ ጌታ ተብሎ ስሙ እንዲጻፍለት መፈለጉ ግልጥ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። ጆንሰን በየካቲት ወር 1755 ዓ.ም. አንድ ደብዳቤ ጻፈለት። በደብዳቤው ውስጥ አንድም የስድብ ቃል የለም። ሰባት ዓመት በደጁ መመላለሱን፣ በነዚያ ዓመታት አንድ የማበረታቻ ቃል እንኳ አለማግኘቱን፣ ርዳታው የመጣው ከማያስፈልግበት ዘመን በመሆኑ ምስጋናም ሆነ ባለዕዳነት እንደማይሰማው በትሕትና ገለጠለት። ብዙ የታሪክ ጸሓፊዎች ደራሲ ከመኳንንት ደጅ ነፃ የወጣው በዚያ ቀን ነው ይላሉ። ቼስተርፊልድም በበኩሉ ትልቅ ሰውነቱን አሳየ፤ ደብዳቤውን በጠረጴዛው ላይ አኑሮ ለእንግዶቹ እያሳየ አጻጻፉን ያደንቅ ነበር ይባላል።

መጽሐፉ ሚያዝያ 15 ቀን 1755 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። የታተመው 2,000 ቅጂ፣ ዋጋውም አራት ፓውንድ ከአሥር ሽልንግ ነበር። በድኽነት ያሰናበተው ኦክስፎርድም ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ የማስተር ኦፍ አርትስ ማዕርግ ሰጠው። የተዋዋለበት ገንዘብ ግን በዘጠኙ ዓመት ውስጥ ለጸሓፊዎችና ለቀለብ አልቆ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በአምስት ፓውንድ ከ18 ሽልንግ ዕዳ ተያዘ፤ ያስለቀቀው ሳሙኤል ሪቻርድሰን የተባለው ደራሲ ስድስት ጊኒ ልኮለት ነው።

ራሴላስ

በጥር ወር 1759 ዓ.ም. እናቱ በሊችፊልድ ታማ ሞተች። ጆንሰን ካያት ወደ 20 ዓመት ይጠጋ ነበር። ለቀብሯና ለቀረው ዕዳዋ ገንዘብ ስላስፈለገው፣ በአንድ ሳምንት ምሽቶች አንድ ታሪክ ጻፈና 100 ፓውንድ ተቀበለበት። ይህ ታሪክ የሐበሻው መስፍን ራሴላስ ነው።

ልቡ ሲያዝን ወደ ኢትዮጵያ መመለሱ ያስገርማል። ከ24 ዓመት በፊት በአልጋ ላይ ሆኖ የተረጐመው የሎቦ መጽሐፍ ከአእምሮው አልጠፋም ነበር። ሎቦ በመጽሐፉ የዐፄ ሱስንዮስን ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስን ያነሣል። የባዕድ ጆሮ ማዕርጉንና የስሙን መጀመሪያ አንድ ላይ ሰፍቶ ራሴላስ የሚል ስም እንዳወጣ ሊቃውንት ይገምታሉ። የመስፍኑ አስተማሪ ኢምላክም ከይኩኖ አምላክ የተቀነሰ ሳይሆን አይቀርም። ቃል አገር ለአገር ሲዞር እንዴት እንደሚቈራረጥ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አናገኝም።

በታሪኩ የነገሥታት ልጆች ምንም በማይጐድልበት፣ በተራራ በተከበበ የደስታ ሸለቆ ይኖራሉ። ነገሥታቱ ልጆቻቸውን በተራራ ላይ ያኖሩ እንደ ነበር ከአምባ ግሸን ታሪክ የምናውቀው ነው። ራሴላስ ግን ደስታው ሰልችቶት ከእኅቱ ከነቃያና ከኢምላክ ጋራ ሾልኮ ወጥቶ ካይሮ ይገባል። ከሀብታሙም፣ ከባሕታዊውም፣ ከፈላስፋውም ዘንድ እየሄደ እንዴት ቢኖር እንደሚሻል ይመረምራል። ስለ ትዕግሥት በሚያምር ቃል የሚያስተምር አንድ ሊቅ አግኝቶ ደስ ሲለው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሊቁ ልጅ ሞታ መጽናናት አቅቶት ያገኘዋል። ያማረ ቃል ሐዘንን እንደማይሽር ጆንሰን ያወቀው በእናቱ ሞት ሳምንት ነበር። በመጨረሻም መንገደኞቹ ሁሉን መርምረው ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ይቈርጣሉ።

ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ አላየም፤ የጻፋትም ኢትዮጵያ የሕልም አገር ናት። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያዊ ስም ስለ ሰው ልጅ ሁሉ መናገሩ ደስ ያሰኛል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ መጽሐፉን ወደ አማርኛ መልሰውታል። ራሴላስ ከብዙ ዘመን ስደት በኋላ ወደ አገሩ ቋንቋ ገባ ማለት ይቻላል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1762 ዓ.ም. ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በዓመት 300 ፓውንድ ድርጎ እንዲሰጠው አዘዙ። ይህ ነገር ጆንሰንን አስጨነቀው። በመዝገበ ቃላቱ የመንግሥት ድርጎ ማለት አገሩን ለሚከዳ ምንደኛ የሚሰጥ ደመወዝ ነው ብሎ ጽፎ ነበርና። ወዳጆቹ ትርጕሙ እርሱን እንደማይመለከት አስረዱት፤ ሚኒስትሩም ገንዘቡ ላለፈው ድካሙ እንጂ ለወደፊት አገልግሎት እንዳልሆነ አረጋገጠለት። ቃላቱን አንዴ የጻፈ ሰው ቃላቱ ተመልሰው እንደሚጠይቁት ይህ ምስክር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በአንድ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ የ22 ዓመቱን ስኮትላንዳዊ ጄምስ ቦስዌልን ተዋወቀ። ስኮትላንዳውያንን ሲተርብ የኖረው ሰው ስሙን ለዘለዓለም የተከለለት ስኮትላንዳዊ ነው። ቦስዌል ንግግሩን ማታ ማታ እየጻፈ ያጠራቀመው የሕይወት ታሪኩ በ1791 ዓ.ም. ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል።

በቤቱም ማደሪያ ያጡ ምስኪኖችን ሰብስቦ ይኖር ነበር። ከእነርሱ አንዱ ጃማይካ በባርነት የተወለደው ጥቍር ፍራንሲስ ባርበር ነው። ሚስቱ በሞተች በሁለት ሳምንት ከቤቱ የገባውን ይህን ልጅ ጆንሰን በገንዘቡ አስተማረው፤ ሲሞትም ከሀብቱ የሚበልጠውን ክፍል አወረሰው። የባሪያ ንግድ ክቡር ተብሎ በሚቈጠርበት ዘመን ጆንሰን ባርነትን አጥብቆ ይጠላ ነበር።

በሰኔ ወር 1783 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ሲነቃ አንደበቱ ተዘግቶ አገኘው። ለአእምሮው ፈርቶ በልቡ አንድ ጸሎት በላቲን ግጥም አዘጋጀ። ግጥሙ ጥሩ አለመሆኑን ስላወቀ አእምሮው ደኅና መሆኑን ተረዳ። ንግግሩም ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሰለት።

አሁን ወደ ዩቶክሲተር ገበያ እንመለስ። አባቱን እንቢ ካለ 50 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ የዓለም ሊቃውንት ያከበሩት ሽማግሌ በዝናብ ቀን ወደዚያች ከተማ ሄደ። የአባቱ ድንኳን ተተክሎ ከነበረበት ስፍራ ባርኔጣውን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። መንገደኛው ያየው ነበር፤ ዝናቡም ይወርድበት ነበር። 42,773 ቃላት የተረጐመ ሰው በዚያ ቀን አንድም ቃል አላገኘም።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1784 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ በሎንዶን ሞተ፤ በዌስትሚንስተር አቢይም ተቀበረ።

ከታሪኩ የምናገኘው

ጆንሰን ሥራውን ሲጀምር እንግሊዝኛን አንድ ቦታ ላይ አቁሞ ከመለወጥ ሊያግደው አስቦ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ከለፋ በኋላ ግን ይህ ከንቱ ምኞት መሆኑን በመግቢያው ላይ አመነ። ሕያው ቋንቋ እንደ ወንዝ ነው፤ ጐርፉን መከተልና መመዝገብ ይቻላል እንጂ በእጅ አፍኖ ማስቀረት አይቻልም። ቢሆንም የፈረንሳይኛን አነጋገር ሳያስፈልግ በእንግሊዝኛ ላይ የሚደርቡትን ሰዎች አልወደዳቸውም።

ይህ ለእኛም የሩቅ ነገር አይደለም። አንዳንዶቻችን በስብሰባ ላይ ሦስት የአማርኛ ቃል ተናግረን በአራተኛው እንግሊዝኛ እንጨምራለን። እንግሊዝኛውን ጠንቅቀን አውቀነው ቢሆን አይከፋም፤ ብዙ ጊዜ ግን አማርኛውን ስላጣነው ነው። እንግሊዝኛን በእውነት የሚወድ ሰው የጆንሰንን ፈለግ ይከተል፤ ቃሉን ከነሥሩና ከነቀልዱ ይወቀው። በዚያው ዓይንም የራሱን ቋንቋ ይመልከት። በእኛም አገር መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ዕድሜያቸውን ፈጁበት፤ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድም ከእርሳቸው ተረክበው በ1948 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ለኅትመት አበቁት። የሦስት ትውልድ ድካም ነው።

አያቶቻችን በየመንደሩ የሚናገሩት፣ በየትኛውም መዝገብ ያልገባ ስንት ቃል አለ! ከነባለቤቱ ከመቀበሩ በፊት እርሳስና ቍራጭ ወረቀት ይዞ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል። ጆንሰን የጀመረው በዚሁ ነበር።